የውብአየሁ ያልታረሰ ማሳ

ጎረቤቴ ውብአየሁ ባሏ በሞተ በዓመቱ አንዱ በሬዋ ገደል ገባባት። በአንድ በሬ ማን ያርሳል? የባሏ ታላቅ ወንድም ደጉ ወዲያው ብቅ አለና «መሬቱን ለእኩል ስጪኝ፤ እኔ አርሼ ምርቱን እንካፈላለን» አላት። እሷ ግን አንዴ ከሰጠች ተመልሶ እጇ እንደማይገባ ታውቃለች። ስንቷን ባሏ የሞተባት አይተናል!

እና ጉድ ሠራች። የግብርና ባለሙያው በስብሰባ ሳያርሱ ስለ መዝራት ሲናገር እኛ ስናንቀላፋ፣ እሷ ጆሮ ሰጥታ ኖሯል። ገብሷን ከፍ አድርጋ አሳጨደችና አገዳውን እንደቆመ ተወችው። በእኛ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ እህል ከተነሣ በኋላ ማሳ የሁሉም ከብት ነው። እሷ ግን በጋውን ሙሉ ዱላ ይዛ አባረረች፤ የኔን ላም ሳይቀር! ኧረ እንዴት እንደ ተናደድሁ! ክረምቱ ሲገባ ማረሻ ሳታስነካ፣ በአገዳው መሀል በዶማ ፈር እያወጣች ስንዴዋን ዘራች። አረሙ ደግሞ ጉድ ነው፤ ወገቧ እስኪቆረጥ በእጇ ነቀለችው።

ደጉማ አላገጠባት። «የወንድሜን መሬት ዳዋ አስበላችው፤ በሽማግሌ እወስደዋለሁ» አለ። ለእሑድ ተቀጠሩ።

ቅዳሜ ከሰዓት የወረደው ዝናብ ግን ምኑ ይወራል! በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ማሳውን ሊያዩ ሲሄዱ እኔም ተከተልሁ፤ ቤት መቀመጥማ አላስቻለኝም። የደጉ ማሳ ከላይ ነው፤ ተደጋግሞ የታረሰ፣ እንደ ዱቄት የላመ። ጎርፉ ልጦት ድንጋዩ አግጥጧል። ከሥሩ ያለው የውብአየሁ ማሳ ውሃውን ጠጥቶ፣ ስንዴው እንደቆመ ነው። የደጉ ቀይ አፈር ከነጤፍ ቡቃያው ወርዶ አገዳዋ ላይ ተከምሯል።

ደጉ ጎንበስ ብሎ አፈሩን ጨበጠ። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላው፤ የልጆቹ ጉርስ እኮ ነው።

«በል ደጉ፣ የመጣንበትን ተናገር» አሉት አንደኛው ሽማግሌ።

አፈሩን ከእጁ አራገፈ። «ምን እላለሁ... ወንድሜ እርሻ ሲወድ ታውቃላችሁ። መሬቱ ገበሬ አጥቶ ሳየው ሆዴ አልችል አለኝ።»

ውብአየሁ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አያ ደጉ፣ ገበሬዋማ እኔ ነኝ» አለችው።

በእኛ አገር ገበሬ የሚባለው በሬ ጠምዶ የሚያርስ ወንድ ነው፤ ሴት እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። አንድም ሰው አልሳቀ።