በኮባ ጉርዴ የጨፈረችው

መቱ ገበያ ቅቤ ልገዛ ቆሜ፣ ሻጭዋ የደረቀ ኮባ ዘርግታ ስትጠቀልልልኝ ያ ድምፅ ጆሮዬ ገባ። ኮሽ፣ ኮሽ። ቅቤውን ረስቼ ቀረሁ። «እትዬ፣ ተቀበሉኝ እንጂ» አለችኝ ልጅቱ። ምን ልበልሽ ልጄ፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ እንኳ የደረቀ ኮባ ሲንኮሻኮሽ ስሰማ ያ ቀን ይመጣብኛል።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ እዚሁ መቱ ትምህርት ቤት እማር ነበር። ሳይንስ የምታስተምረን ሴት የመጣችው ከሩቅ፣ ከውቅያኖስ መሃል ካለች ደሴት ነው። ፖሊኔዢያ ነው የሚሉት አገራቸውን። መልኳ ጠይም፣ ፀጉሯ እስከ ወገቧ፤ የከተማው ሰው ፈረንጅ ይበላት ሐበሻ ይበላት ግራ ገብቶት ነበር። አገሯ አንድ ትልቅ መናፈሻ እንዳለ አጫወተችን፤ የየደሴቱ ሰው ጎጆውን ቀልሶ፣ ከበሮውን ይዞ፣ ለእንግዳ ዘፈኑንና ጭፈራውን የሚያሳይበት። ለወላጆች ቀን እኛም በሜዳችን ጥግ እንሥራ አለች። ከጎሬ የመጣ አናጢ ግንድ ፈልፍሎ ታንኳ አበጀ፤ ወንዶቹ የሣር ጎጆ ቀለሱ፤ እኛ ሴቶቹ የደረቀ ኮባ እየሰነጠቅን ጉርድ ጎነጎንን።

ያ ጭፈራ የሚያወራው በእጅ ነው። ጣት ሲርገበገብ ዝናብ፣ ክንድ ሲወዛወዝ ማዕበል። ብቻዬን ፊት ወጥቼ እንድጨፍር የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ደስታዬን አትጠይቂኝ! ግን ከበሮ ስሰማ ትከሻዬ አልታዘዝ ይለኛል። ዝናቡ አባርቶ እጄን ወደ ደረቴ ስመልስ ግራ ትከሻዬ ሳላስበው እስክስ ትላለች። መምህርቷ እየሳቀች ትከሻዬን ጫን አድርጋ ትይዘኛለች፤ ምን ዋጋ አለው፣ ስትለቀኝ ያው ናት።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ኮባ ታጥቄ ስውረገረግ ከሚያዩኝ ምድር ብትውጠኝ ይሻለኛል ብዬ ደብቄያቸዋለሁ። የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለሂሪያዬ። ሂሪያ በኦሮምኛ እኩያ ጓደኛ ማለት ነው፤ ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንጠራራው። አንድ ዴስክ ላይ የምንቀመጥ፣ አንድ ማንጎ ለሁለት የምንግጥ ልጆች ነበርን። ጉርዴም የሚያድረው እነሷ ቤት ነው። ስለማመድ ጥግ ይዛ ዓይኗን ሳትነቅል ታየኛለች፤ ፍቅር መስሎኝ።

በበዓሉ ጠዋት እያለከለከች መጣች። «አባትሽ ሰምተዋል። መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት እየወጡ ነው። እናቴ ትሙት፣ ዛሬ ብትመጪ አለቀልሽ።»

እናቷን ምላ ትዋሻለች ብዬ በምን ልጠርጥር? አክስቴ ቤት ሮጬ ጎተራው ጀርባ ተወሸቅሁ። ኋላ ከበሮው ተሰማ። እግሬ አላስቆም ሲለኝ በጓሮ ዞሬ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ደረስኩ።

በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ጉርዴ ሜዳው መሃል ይሽከረከራል። ራሷ ላይ የደፋችው የአበባ ጉንጉን ወርዶ ፊቷን ሸፍኖታል፤ አካሄዷን ግን እኔ አላጣውም። ሂሪያዬ ናት። መምህርቷን «አሟታል» ብላ እንዳሳመነቻት የሰማሁት በኋላ ነው። ዝናቡን አዘነበች፣ ማዕበሉን መለሰች። እጇን ወደ ደረቷ ስትመልስ ግራ ትከሻዋ እስክስ አለች። ስህተቴን እንኳ አልተወችልኝም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚሉት ለካ ይህን ነው። እርር ድብን አልኩ፤ ጮኼ ላዋርዳት አፌን ከፈትኩ።

ያኔ አባቴን አየኋቸው። ከፊት ወንበር፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ያጨበጭባሉ። ዓይናቸው መድከም ጀምሮ ነበርና አንገታቸውን አስግገዋል። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ቤት ስገባ አስጠሩኝ። ለካ መምህርቷ መጥታ ፈቃድ ጠይቃቸው ኖሯል፤ እንዳልሸማቀቅ ብለው ነው ዝም ያሉት። ማኅሌት ላይ እነሱም በመቋሚያ እንደሚናገሩ፣ ይህም ከዚያ ብዙ እንደማይርቅ እየነገሩኝ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

«አበባው ፊትሽን ቢሸፍነውም አወቅሁሽ» አሉኝ። «በትከሻሽ።»

እኔ አይደለሁም ብል ያ ሳቅ ሊከስም ነው። «አዎ አባባ» አልኩ።

ሂሪያዬን በማግስቱ ስይዛት፣ «አንቺ ፈርተሽ ከቀረሽ ጉርዱ ዝም ብሎ ይቀመጥ?» ነው ያለችኝ። ዴስክ ቀየርኩ። ዛሬም መንገድ ላይ ስንገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ እንሳሳማለን፤ ይቅር ብያታለሁ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ጭፈራውስ ይቅር። አባቴ አንዴ ቢያጨበጭቡልኝ፣ እሱንም እሷ ወሰደችው።

ዓይናቸው ጨርሶ ከጠፋ በኋላ፣ መደባቸው ላይ ተቀምጠው «እስቲ ያችን ዝናብ አዝንቢልኝ» ይሉኝ ነበር። ፊታቸው ቆሜ ጣቶቼን አርገበግባለሁ። አያዩኝም። ሊያልቅ ሲል መዳፋቸውን ግራ ትከሻዬ ላይ ያሳርፉና እስክስ እስክትል ይጠብቃሉ።

«ይቺ ናት» ይላሉ፤ «ያን ቀን ያየኋት።»

«አዎ አባባ፣ ይቺ ናት» እላቸዋለሁ።