ሐይቁ ዳር የተገኘው የእትዬ አስካለ ጫማ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ አጠገቡ የሌለ የሴት ጫማ ሳይ ሥራዬን ትቼ ሴትዮዋን በዓይኔ እፈልጋለሁ። አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ውስጥ የጫማ ሱቅ ላለው ሰው ይህ የሚያዋጣ በሽታ አይደለም።

ነገሩ የጀመረው በዕጣ ነው። የሰፈራችን ነጋዴዎች በዓመት አንዴ አብረን እራት እንበላለን፤ መጨረሻ ላይ ዕጣ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ የደረሰኝ አንድ የበረዶ አካፋ ብቻ ነበር። ያን ቀን ግን ስሜ ተጠራና አየርላንድ አገር፣ ሐይቅ ዳር ባለ ጥንታዊ ካስል፣ ማለትም የባላባት ግንብ፣ ለሁለት ሰው የሦስት ቀን ማረፊያ ከነአውሮፕላን ቲኬቱ ደረሰህ ተባልኩ። እኔ መርካቶ ጫማ ተራ ያደግሁ ሰው ነኝ። በነፃ የተሰጠኝን ነገር መጀመሪያ ገልብጬ ሶሉን ነው የማየው። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት፤ ስንጥቅ አጣሁበት።

ባለቤቴ ካረፈች አምስት ዓመት አልፏታል። ስለዚህ ታላቅ እህቴን እትዬ አስካለን ይዤ ለመሄድ ወሰንኩ። እናታችን በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከሴንት ፖል አጠገብ ሮዝቪል አንድ አፓርታማ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች።

አንድ ጭንቀት ግን ነበረብን። በረዶው ሊያልቅ አካባቢ እትዬ አስካለ ከአውቶቡስ ያለ ቦታዋ ወርዳ ጠፍታ፣ ቤቷ ያደረሳት ፖሊስ ነው። ሐኪሙም "መርሳት እየጀመራት ይመስላል" አለን። ነርስ የሆነችው ልጄ ሜሮን ኤርፖርት ስታደርሰን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "አባዬ፣ ለአንድ ደቂቃም ብቻዋን እንዳትተዋት። ፕሮሚስ ሚ" አለችኝ።

ፕሮሚስ አደረግሁ። ነጋዴ ነኝ፤ ቃል መስጠት አይከብደኝም።

ካስሉ ፎቶው ላይ ካየነው ይበልጣል። ግንቡ ላይ ሐረግ ወጥቶበታል፤ በየኮሪደሩ የሞቱ ባላባቶች ከሥዕል ውስጥ ሆነው ያፈጡብሃል። እትዬ አስካለ አንዱን ባላባት ቀና ብላ አየችና፣ "ይሄን ሁሉ ክፍል ማን ይጠርግለት ነበር?" አለች። ሌላ አድናቆት አልወጣትም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሾን የሚባል ሽማግሌ አትክልተኛ እንግዶችን ግቢውን አስጎበኘን። እንግሊዝኛው ለእኔ ጆሮ ሌላ ቋንቋ ነው። ግማሹን ሰምቼ ግማሹን ከራሴ እየፈጠርኩ ለእትዬ አስካለ ተረጎምኩላት። ሐይቁን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ ላይ፣ ዛፎቹ ጋ ስንደርስ፣ ሾን ወደ ላይ እየጠቆመ ረጅም ነገር ተናገረ።

"ምን አለ?" አለችኝ።

እግሬን አሞኝ ነበር። "ፍርስራሽ ነው ይላል" ብዬ አለፍኩት። እሷ ግን በዛፎቹ ክፍተት ወደ ላይ እያየች እዚያው ቆማ ቀረች። ተመልሼ ክንዷን ይዤ አመጣኋት።

ማታ ራት ላይ፣ "ጌች፣ ነገ እኮ እሁድ ነው። የት ነው የምንሳለመው?" አለችኝ።

"እትዬ፣ እዚህ የኛ ቤተክርስቲያን የለም። አንድ እሁድ ብትቀሪ እግዜር አይቀየምሽም።"

"አንተ በምን አወቅህ? ከተያያችሁ ስንት ጊዜያችሁ!"

ሳቅሁ። የመጨረሻ ሳቄ ነበር ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። ከመተኛታችን በፊት፣ በሩን ከከፈተች እንድሰማ ብዬ ትልቁን ሻንጣ በሩ ላይ ገተርኩት። በብልጠቴ ተደስቼ ተኛሁ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስነቃ አልጋዋ ተነጥፏል። ሻንጣው ተነሥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ስልኳ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ነው። መታጠቢያ ቤቱን ከፈትኩ፤ የለችም። ኮሪደሩን ሮጥኩ፤ ከባላባቶቹ በቀር ማንም የለም።

ሪሴፕሽን ላይ የነበረችው ወጣት ሴት፣ "አንዲት ነጭ ልብስ የለበሱ እናት ዣንጥላ ይዘው ቅድም ወጥተዋል። ጉድ ሞርኒንግ ስላቸው ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ" አለች።

"በየት በኩል ሄደች?"

በመስኮቱ አሳየችኝ። ውጭው ጭጋግ ነው። ሐይቁ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይለይም።

መርሳት እየጀመራት መሆኑን ስነግራት የልጅቷ ፊት ተለወጠ። ሬዲዮዋን አንሥታ ሰው ጠራች። እኔ ሳልጠብቅ ወጣሁ። "እትዬ! እትዬ አስካለ!" እያልኩ ሐይቁን ተከትዬ ሮጥኩ። ጭጋግ ድምፅ ይበላል ለካ፤ የራሴ ጩኸት እንኳ አጠገቤ ነው የሚወድቀው።

ዛፎቹ ጋ ስደርስ ሾን ቀድሞኝ ቆሟል። አጠገቡ ሁለት ሠራተኞች አሉ። ሦስቱም መሬት መሬት ያያሉ። ሾን እኔን ሲያይ ቆቡን አወለቀ።

ገፍቼው አልፌ እነሱ የሚያዩትን አየሁ።

የእትዬ አስካለ ጫማ ነው። ጥቁር፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ከሱቄ እኔው የመረጥኩላት። አረንጓዴ ሽበት በለበሱ ሁለት ድንጋዮች መሃል ጎን ለጎን ተቀምጧል። ከዚያ እስከ ውሃው ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። በጭቃው ላይ ዳናዋ እስከ ድንጋዮቹ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሣር ነው።

"ዋና ይችላሉ?" አለኝ ሾን፤ ቀስ ብሎ፣ እንዲገባኝ አድርጎ።

"ከሻወር ሌላ ውሃ ገብታ አታውቅም።"

ሁለቱ ሠራተኞች ጀልባ ገፉ። አንዱ ይቀዝፋል፣ ሌላው በረጅም እንጨት የውሃውን ሆድ ይነካል። እንጨቱ ገብቶ ሲወጣ ሁሉ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ያዘና ሰውየው ጎተተ። የሐይቅ ሣር ነበር። ስልኬን አወጣሁ፤ የሜሮንን ስም ስክሪኑ ላይ አየሁትና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። "ፕሮሚስ" ያልኩበት አፌ ምን ብሎ ይናገራል? የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ በጀርባዋ አዝላ ሐኪም ቤት የወሰደችኝን ሴት፣ እኔ ለአንድ ሌሊት እንኳ መጠበቅ አቅቶኝ በሻንጣ ዘጋሁባት።

እንደምንም ተንበርክኬ ጫማውን ልነካ ስል ሾን፣ "ፖሊስ እስኪመጣ ባይነካ ይሻላል" አለኝ። እጄን ሰበሰብኩ። ግን ዓይኔን አልሰበሰብኩም። አርባ ዓመት ጫማ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ጫማ ፊት ምን ያደርጋል? አየሁት።

በግራው ጫማ ውስጥ ቀይ ክር ታስሯል። ሴንት ፖል ባለው ቤተክርስቲያናችን በበዓል ቀን ደጃፉ ላይ ሁለት መቶ ጥቁር ጫማ ይደረደራል። አንድ ጊዜ የሷን ሌላ ሰው አድርጎት ሄዶ፣ እሷ በሰው ጫማ እየተንሸራተተች ቤቷ ገባች። ከዚያ በኋላ ነው ምልክት ያሰረችበት። ደግሞ ጫማውን ሁልጊዜ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራ ነው የምታስቀምጠው፤ ስትወጣ ዝም ብላ እንድታጠልቀው።

እዚህም አፍንጫው ወደ መንገዱ ዞሯል። ልክ እንደ ቤተክርስቲያን ደጃፍ።

"ሾን፣ እነዚህ ሁለት ድንጋዮች ምንድን ናቸው?"

"በር ነበሩ።"

"የምን በር?"

ግራ ገብቶት አየኝ። "ትናንት ነግሬያችኋለሁ እኮ። የመነኮሳቱ ቤተክርስቲያን የግቢ በር። ፍርስራሹ ከዛፎቹ ኋላ ነው።"

እትዬ አስካለ የጥንት ሰው ናት። ጫማዋን ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ ሳይሆን ከቅጥሩ በር ጀምራ ነው የምታወልቀው። ሴንት ፖል በረዶ ላይ ከፓርኪንጉ ጀምሬ ላውልቅ ብላኝ ስንት ጊዜ ተጣልተናል! ሾን ያለውን ባልተረጉምላትም፣ እሷ ትናንት ቆማ ስታይ በዓይኗ አንብባዋለች።

ዳገቱን ሮጥኩ። ሾን ከኋላዬ ያለከልካል። ዛፎቹን ስናልፍ ጣራ የሌለው የድንጋይ ግድግዳ ታየን። አንዱ ድንጋይ ላይ መስቀል ተቀርጿል። እሷ እዚያው ፊት ለፊት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዣንጥላዋን እንደ መቋሚያ ተደግፋ፣ በባዶ እግሯ እርጥብ ሣር ላይ ቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"እትዬ!" ብዬ ጮህኩ።

ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ዝም በል አለችኝ።

ሾን ጆሮዬ ላይ፣ "ጀልባውን ላስቁም" ብሎ ተመልሶ ቁልቁል ሮጠ። እኔ አንዲት ሴት በሕይወት መኖሯን ለማወጅ ጸሎት እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረብኝ። አቡነ ዘበሰማያትን ደገመች፣ ሰገደች፣ መስቀሉን ተሳለመች። ከዚያ ዞረች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ዓይኗ እግሬ ላይ ቆመ።

እኔም ወደ ታች አየሁ። ባዶ እግሬን ነኝ። ጫማዬን መቼ እንዳወለቅሁ አላውቅም። ኋላ ሾን ሲነግረኝ፣ ሁለቱ ድንጋዮች ጋ ወርውሬው ነው የሮጥኩት፤ አንዱ እግር ውሃው ጠርዝ ላይ ወድቆ ነበር።

"ዛሬም አረፈድክ" አለችኝ።

ማልቀስ ጀመርኩ። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

"ምን ሆነሃል አንተ? ሻንጣህን በር ላይ ረስተኸው ነበር፤ አነሣሁልህ። እንቅልፍ ወስዶህ ስለነበር አልቀሰቀስኩህም።" የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ፊቴን ጠረገችኝ። "መርሳት ጀምረሃል እንዴ?"

ቁርስ ላይ የሪሴፕሽኗ ልጅ ራሷ መጥታ አቀፈቻት። እትዬ አስካለ ለምን እንደታቀፈች አልገባትም፤ ግን ደግ አገር ነው አለች። ሾንን ደግሞ ግድግዳው ጣራ እንደሚያስፈልገው ንገረው አለችኝ። ነገርኩት። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት መቃጠሉን ነገረኝ። "ታዲያ እስካሁን ምን ሲሠሩ ነው?" አለች።

ታሪኩ ሐኪሙን ያሳፈረ እንዳይመስላችሁ። ስንመለስ አውሮፕላኑ ላይ ሁለት ጊዜ ወዴት እንደምንሄድ ጠይቃኛለች። ለሜሮን ሁሉንም ነገርኳት፤ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ፍርሃቴም አልለቀቀኝም። የለቀቀኝ፣ ሻንጣ በር ላይ መገተርና ሰምቼ ያልሰማሁ መምሰል ነው። አሁን የምትለውን ሙሉውን እሰማለሁ፤ ሌላው ሰው የሚላትንም ሳልቆርጥ እነግራታለሁ።

እሁድ እሁድ ከሮዝቪል አንሥቻት ድራይቭ የማደርገው እኔ ነኝ። ደጃፉ ላይ አወርዳትና መኪናውን ለማቆም እሄዳለሁ። እስክመለስ ያለችው ጊዜ አሁንም ትከብደኛለች። እርምጃዬን አፍጥኜ እመጣለሁ፤ ደረጃው ላይ ከተደረደረው ጥቁር ጫማ መሃል ጎንበስ ብዬ ቀይ ክር እፈልጋለሁ። ሳገኘው ትንፋሼ ይመለሳል። ያን ጊዜ የኔን አወልቅና፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሬ፣ ከጎኑ አስቀምጬ እገባለሁ።