ያልተቀመሰው ሾርባ

በዚያ ዓመት ጠዋት ከአልጋዬ እንደወረድኩ የመጀመሪያ ሥራዬ የእናቴን እግር መጫን ነበር። አውራ ጣቴን ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አድርጌ አሳርፍና እስከ አምስት ቆጥሬ አነሳዋለሁ። ቆዳዋ ቶሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ቀኑን በሰላም እውላለሁ። እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ከቀረ ግን ጉድጓዱ ቢሮ ስገባም፣ ስልክ በጠራ ቁጥርም፣ ማታ በር ስከፍትም ከዓይኔ አይጠፋም። እናቴ እግሯን ሰጥታኝ ፊቴን ታያለች። ምን እንዳየሁ ከፊቴ እንዳታነብብኝ ስል በሆነ ባልሆነው እቆጣ ነበር። "ካልሲሽን ለምን አታደርጊም?" እላታለሁ።

"ልባቸው ደክሟል" ነበር ያለኝ ዶክተሩ። ገና ወጣት ነው፤ ሲናገር ረጋ ይላል። "ውሃው መውጣት ሲያቅተው መጀመሪያ እግራቸው ላይ ይጠራቀማል፤ ከባሰ ሳንባቸው ውስጥ ይገባል። ኪኒናቸውን በሰዓቱ ይዋጡ፤ ቅባት ይቀንሱ። ጨው ግን ጭራሽ እንዳታቀርቢላቸው። ለእሳቸው ጨው መርዝ ነው ብለሽ ያዢው።" ከዚህ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ ውስጥ የቀረው መርዝ የሚለው ብቻ ነበር።

እኔ ከተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ፈሪነቴን የምሸፍነው ደግሞ በቁጣ ነው፤ ስለዚህ የሚያውቁኝ ሰዎች ሁሉ ኃይለኛ ናት ይሉኛል። በዚያው ቀን ቤት ገብቼ የጨው ዕቃውን ከነክዳኑ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። የራሴንም ሽሮ ያለ ጨው መብላት ጀመርኩ።

የምንኖረው ሲኤምሲ ነበር፤ ከአንድ ትልቅ ቪላ ጓሮ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይተን። ከተማው ሁሉ የሚፈርስበትና የሚሠራበት ጊዜ ነው። ዋናው መንገድ ለባቡሩ ተቆፋፍሮ፣ መኪና አንዳንዴ ለአንድ ሰዓት ንቅንቅ አይልም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ባቡሩ መቼ ሥራ እንደሚጀምር ያወራል። እኔ የማስበው እናቴ ትንፋሽ ቢያጥራት በዚያ ሁሉ ጉድጓድ መካከል እንዴት አድርጌ ሆስፒታል እንደማደርሳት ብቻ ነው።

ቀን ቀን አብራት የምትውለው አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታናሽ እህት። ኮንዶሚኒየም ደርሷት የካ አባዶ ገብታ ነበር። በየጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ተሰልፋ፣ እኔ ከመውጣቴ በፊት ከተፍ ትላለች። አክስቴ ለበሽታ ሁሉ የምታውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ የዶሮ ሾርባ። አራስ የምትጠነክርበት፣ ከወባ የተነሳ ሰው የሚያገግምበት፣ እኔም በልጅነቴ ኩፍኝ ሲይዘኝ የጠጣሁት ሾርባ። ዶሮው ሥጋው ከአጥንቱ እስኪላቀቅ ይቀቀላል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባበታል፤ በመጨረሻ ሁለት ማንኪያ ንጥር ቅቤ ላዩ ላይ ቢጫ ሆኖ ይንሳፈፋል። እናቴ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት አክስቴ የቅቤ ዕቃዋን በፌስታል ጠቅልላ መጣች። በር ላይ ተቀብዬ መለስኩላት።

"ሰው ያለ ቅቤ ይድናል እንዴ?" አለች።

"በቅቤ ነው የምትሞተው" አልኳት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ራሴን አስደነገጠኝ።

ስለዚህ ቀለል ያለውን ሾርባ መሥራት የእኔ ድርሻ ሆነ። ቆዳውን ገፍፌ፣ ስቡን አንድ በአንድ ለቅሜ፣ የዶሮ ደረት ብቻ ከካሮት፣ ከዝኩኒና ከነጭ ሽንኩርት ጋር እቀቅላለሁ። ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የረጋውን በማንኪያ እገፍፈዋለሁ። ትንሽ የጥብስ ቅጠል ጣል አደርግበትና ሲወርድ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። እናቴ ሦስት ማንኪያ ወስዳ ሳህኑን ትገፋዋለች። አንድ ቀን "የዕቃ እጣቢ ነው የሚመስለው" አለችኝ፤ እየቀለደች አልነበረም። እግሯ ሲጎድል ጉንጯም አብሮ ጎደለ። አሁን ደግሞ በረሃብ ልትሞትብኝ ነው ብዬ መፍራት ጀመርኩ።

ቢሮዬ ቦሌ መንገድ ላይ ነው። ከሕንፃው ምድር ቤት አዲስ ሱፐርማርኬት ተከፍቶ ነበርና ማታ ዶሮውን የምገዛው ከዚያ ነው። አንድ ቀን መደርደሪያው ላይ በብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለ የሾርባ ኩብ አየሁ፤ ካርቶኑ ላይ ዶሮና ካሮት ተስሏል። ዶሮ ደርቆ፣ ተፈጭቶ የተሠራ መሰለኝ። ያኔ እንዲህ ነበርን፤ ፓኬት ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ የተጠናና የተመረመረ ይመስለን ነበር። የአክስቴን ቅቤ በፌስታል ስለመጣ ፈራሁት፤ ኩቡን በካርቶን ስለመጣ አመንኩት። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ በማላውቀው ቋንቋ በደቃቁ የተጻፈ ነበር። ምን ይላል ብዬ የጠየቅኩት ሰው የለም።

ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። እናቴ የንስሐ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው "የታመመ ሰው ጾም የለበትም፣ ብይ" እስኪሏት ድረስ ዶሮ አልነካም ብላ ነበር። እኔና አክስቴ ግን ጾመኞች ነን። ለእናቴ ሾርባ አንድ ድስት፣ አንድ ጭልፋና አንድ ሳህን ለይተናል። ለጎረቤት እንዳይሸት መስኮቱን ዘግቼ ነው የምሠራው። መቅመስ የሚባል ነገር በሐሳቤም አልነበረም። በእኛ ቤት ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቴ ዕድሜ ልኳን የፋሲካን ዶሮ ወጥ የሠራችው አንዲት ጠብታ ምላሷ ላይ ሳታሳርፍ ነው። አሽትታ፣ የወጡን መልክ አይታ ጨዉን ታውቀዋለች፤ አንድም ቀን አልተሳሳተችም። እኔም ልጇ አይደለሁ ብዬ በአፍንጫዬ ተማመንኩ።

አንድ ኩብ ሾርባው ውስጥ በጨመርኩበት ቀን ማታ ከሥራ ስመለስ አክስቴ ባዶውን ሳህን አሳየችኝ። ገብቼ እናቴ አጠገብ ስቀመጥ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እጄን ይዛ "እግዚአብሔር ይስጥሽ" አለችኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ። በሳምንቱ ኩቡን ሁለት አደረግኩት።

በአሥረኛው ቀን ገደማ አውራ ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ ቀረ። በማግስቱ ከጉልበቷ በታች ሁሉ እንደዚያው ሆነ። ሚዛን ላይ አቆምኳት፤ ጨምራለች። አንድ ትራስ ይበቃት የነበረች ሴት ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ጠየቀች። ተኝታ ማሳልም ጀመረች። ኪኒኑን እኔው በእጄ ነው የማስውጣት፤ ሾርባውን እኔው ነኝ የምሠራው፤ ሌላ ምን ይሆናል? ከቢሮ በቀን አምስት ጊዜ እደውላለሁ። አክስቴ ስልኩን ለማንሳት ከዘገየች በሐሳቤ ቀብሯ ድረስ ሄጄ ነው የምመለሰው።

እንደዚህ እንደዚህ ስል ፍርሃቴ ወደ አክስቴ ዞረ። ሾርባውን የምታሞቀው እሷ ናት፣ የምታጎርሳት እሷ ናት። ቅቤው ቢከለከል ለእህቷ አዝና ጨው እየጨመረችባት ቢሆንስ? አንድ ጠዋት ሽንት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ፈተሽኩ። ምሳዋ ብቻ ነበር፤ እንጀራ በክክ ወጥ። ይህም አላረካኝም። ወደ ግቢው በር ወስጃት፣ እናቴ እንዳትሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኳት።

"እውነቱን ንገሪኝ። ጨው ትጨምሪባታለሽ?"

"እኔ? በእህቴ ላይ?" ነጠላዋን ይዛ ቆመች። "ጾም ነኝ እኮ። ያልቀመስኩትን ሾርባ ጨው ይነሰው ይብዛው በምን አውቄ እጨምራለሁ?"

"ታዲያ ማን ነው? ሌላ ማን አለ?"

ነጠላዋን አስተካክላ፣ እናቴን እንኳ ሳትሰናበት ወደ ታክሲው ሄደች። እኔም ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። እናቴ እህቷ የት እንደቀረች ስትጠይቀኝ ጉንፋን ይዟታል አልኳት።

ሦስት ቀን ብቻችንን ሆንን። ሾርባውን እሠራለሁ፣ አሞቀዋለሁ፣ አጎርሳታለሁ። እብጠቱ ወደ ጭኗ ወጣ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ድስቱ አጠገብ ቆሜ ሳማስል ለአክስቴ የወረወርኩት ጥያቄ ወደ ራሴ መጣ። ሌላ ማን አለ? ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። እሳቱን አጠፋሁ።

ጾም መግደፍ ያስፈራኛል። በዚያች ሰዓት ግን ከእግዚአብሔር ይልቅ ድስቱን ፈራሁ። ከጭልፋው መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ላስኩት። ጨው ጨው አለኝ። ጨው ካየሁ የከረምኩ ሰው ነኝና ምላሴ አሳስቶኝ ይሆናል ብዬ ኩቡን ከወረቀቱ ፈትቼ ራሱን ላስኩት። ዶሮ የተሳለበት ጨው ነበር። ሳምንታት ሙሉ ማለዳ እየተነሳሁ፣ ስቡን እየለቀምኩ፣ መርዙን በገዛ እጄ ጨምሬላታለሁ።

እናቴ ሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሦስት ቃል ተናግራ ታርፋለች።

"እማዬ፣ ሾርባው ጨው አለው" አልኳት።

"አዎ፣ አለው።"

"ታውቂ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ቀን።" አረፈች። "አንጀትሽ አልችል ብሎ... ደብቀሽ የጨመርሽልኝ... መስሎኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ብናገር ታቆሚዋለሽ።" እንደገና አረፈች። "ደግሞም... ታፍሪያለሽ ብዬ።"

ልቆጣ ፈለግኩ፤ ቁጣዬ ግን ከየትም አልመጣ አለኝ። ላዳ ጠርቼ፣ ጋቢ አልብሻት ወጣን። እንደፈራሁትም መንገዱ ላይ ቆመን ቀረን። አንድ ቆፋሪ መኪና መንገዱን ዘግቶ አፈር ያራግፋል። ሾፌሩ ሬዲዮ ሊከፍት ሲል እጁን ያዝኩት፤ ትንፋሿን መስማት ነበረብኝ። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍስ እቆጥራለሁ፣ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። በመካከል ዝም ስትል ትከሻዋን እነቀንቃታለሁ። "አለሁ" ትለኛለች።

ሆስፒታል ደርሰን ኦክስጅን አደረጉላት፤ መርፌ ወጓት። ያው ወጣት ዶክተር መጥቶ እግሯን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ጨው ማን ነው የሰጣቸው?"

አፌን ከፈትኩ። እናቴ ጭምብሉን ከአፏ ላይ አነሳችው።

"እኔ ነኝ ልጄ" አለችው። "እሷ ሥራ ስትሄድ... ተነስቼ... ራሴ እየጨመርኩ።"

ዶክተሩ እንደ ልጅ ተቆጣት። "እማማ፣ እርስዎ እንዲህ ካደረጉ እኛ ምን ልንረዳዎት እንችላለን? ልጅዎ ስንት እየለፋች አታሳዝንዎትም?" አላት። እናቴ አንገቷን ደፋች። "አጥፍቻለሁ... ይቅር በለኝ" አለች። ለራሷ የማይበቃ ትንፋሽ ያላት ሴት ያንኑ አውጥታ ለእኔ ዋሸችልኝ። እኔ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ።

ለዶክተሩ እውነቱን የነገርኩት በማግስቱ ነው፤ የኩቡን ካርቶን ይዤ። አክስቴን ግን በዚያው ቀን ከኮሪደሩ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅር ማለቷንም አለማለቷንም አልነገረችኝም። "አሁን ትተነፍሳለች?" ብቻ ብላ ስልኩን ዘጋችው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከየካ አባዶ እየሮጠች ደረሰች።

ያን ቀን ዶክተሩ ተቆጥቶ ሲወጣ ግን ክፍሉ ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። ፊቷን ማየት አቅቶኝ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። በእጇ ጠራችኝ፤ ጭምብሉን እንደገና ልታነሳው ስትል ከለከልኳት፤ አልሰማችኝም።

"ከእንግዲህ... ስትሠሪ ቅመሺ" አለችኝ። "ጾምሽን እኔ... እጾምልሻለሁ።"

ትንፋሽሽን አትጨርሺ አልኳትና ጭምብሉን አፏ ላይ መለስኩት።