አባቴን ከደብረ ሊባኖስ መንገድ የመለስኩ ዕለት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጽዋ ማኅበራችን ሴቶች ቀራንዮ ቤቴ ድረስ መጡ። አምስት ናቸው፤ ትንሿ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ለነሐሴው ተክለ ሃይማኖት ከዚህ ከኮልፌ ተነሥተው ደብረ ሊባኖስ ድረስ በእግራቸው ሊሄዱ ቆርጠዋል።

"እትዬ የሺ፣ እርስዎ በወጣትነትዎ ሄደውበታል አሉ። ምን ምን እንያዝ?" አለችኝ አንዷ።

የለመዳችሁትን አሮጌ ጫማ አድርጉ አልኳቸው። ካልሲያችሁ ሲርስ ቶሎ ቀይሩ። ምርኩዝ ያዙ፤ ዳገት ላይ ከወጣት ጋር አትሽቀዳደሙ። ውኃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ሽንታችሁ ሲመጣ ደግሞ መንገድ ዳር ዘወር በሉ እንጂ አትያዙ፣ አትፈሩ። እዚህ ላይ ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። አባቴ ግንበኛ ነበሩ፤ በሰፈራችን ካሉት የድንጋይ አጥሮች ብዙዎቹ በእሳቸው እጅ የተሠሩ ናቸው። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ያለኝ አንድ ወንድም ታደለ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ዘመተ። መጀመሪያ ደብዳቤው ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ቀረ። አንድ ክረምት አለፈ፣ ሁለተኛው ገባ። አባቴ ሰኞ ሰኞ ቀበሌ ሄደው ይጠይቃሉ፤ "ወሬ የለም" ተብለው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ከዚያ ሲመለሱ በር ላይ እንደቆሙ፣ "ጎማ ላይ ሳልወጣ፣ በእግሬ ጻድቁ ዘንድ ደርሼ ልጄን እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ" አሉ። ተሳሉ። ብቻቸውን አልለቃቸውም ብዬ ተከተልኳቸው።

የዕድራችን ሰዎች አዲስ የቆዳ ጫማ ገዝተው ሰጧቸው። ሽማግሌ በኮንጎ ጫማ እንዴት ይሄዳል ብለው ነው። ደግ ሐሳብ ነበር።

ማለዳ ከሌሎች ተጓዦች ጋር ከ18 ማዞሪያ ወደ አዲሱ ገበያ አቀናን፤ ከዚያ የእንጦጦን ዳገት ጀመርን። ጉሙ ከባሕር ዛፉ ጋር ተጣብቆ ከፊታችን የሚሄደው ሰው ጀርባ እንኳ አይታይም። ሱሉልታ ስንደርስ ሜዳው ሁሉ ውኃ አቁሯል። ዳቦ ቆሎ ቆረጠምን። ኮዳዬን ስዘረጋላቸው ከንፈራቸውን ብቻ አርሰው መለሱልኝ።

"ጠጡ እንጂ፣ አባባ።"

"በቃኝ፣ ልጄ።"

ለታደለ ብለው ራሳቸውን የሚቀጡ መሰለኝ። እንዲያውም ኮራሁባቸው። የዚያን ጊዜ ሞኝነቴን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ማነከስ ጀመሩ። ጫማውን ላውልቅልዎ ስላቸው ተቆጡ፤ "እግሬን አይተሽ ልትመልሺኝ ነው!" አሉ። ጫንጮን እንዳለፍን ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደብን። አብረውን የነበሩት ተጓዦች ቀድመውናል። አባቴ ንግግራቸው ተምታታ፤ "ታደለ፣ ድንጋዩን አቀብለኝ" ይሉኝ ጀመር። ከዚያ በጉልበታቸው ተንበረከኩና ጭቃው ላይ ተደፉ።

ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ በነጠላዬ ከበረዶው ልከልላቸው ሞከርኩ። አንድ አውቶቡስ መጣ፤ እጄን አውለበለብኩ፤ ጭቃ ረጭቶን አለፈ። ጮኽኩ። ጻድቁን ለመንኩ፣ ቀጥሎ ተሳደብኩ፣ ቀጥሎ ይቅርታ ጠየቅኩ። አባቴ እጄ ላይ ሊሞቱ ነው፣ ወንድሜም የለም፤ በዚህ ዓለም የቀረኝ ሰው የለም አልኩ።

ጩኸቴን የሰማች ድንቂቱ የምትባል የገበሬ ሚስት ከባሏ ጋር ከማሳው ማዶ እየሮጠች መጣች። አባቴን ተሸክመው ቤታቸው አስገቧቸው። ጫማው ሲወልቅ ቆዳቸው ከካልሲው ጋር ተላጦ መጣ። ከቀራንዮ ጎረቤቶቼ በለቃቀምኳት ኦሮምኛ ውኃ እምቢ እንዳሉኝ ለድንቂቱ ነገርኳት። እሷ ባሏን አየችው፤ እኔን ወደ ውጭ ላከችኝ። ቆይቶ ባሏ ወጣና በአማርኛ፣

"ልጄ፣ አባትሽ ሽንት ያጣድፋቸዋል" አለኝ። "ሴት ልጃቸው እያየች ሜዳ ላይ በየደቂቃው መቀመጥ አፍረው ነው ውኃ የተዉት።"

ሁለት ቀን ሙሉ ጎን ለጎን ስንሄድ አንዲት ጊዜ እንኳ ዞር ብዬ ልቆይላቸው አላሰብኩም።

ድንቂቱ ጨው ያለበት የገብስ አጥሚት በማንኪያ ሰጠቻቸው፤ ትኩሳቱ ግን ባሰ። ባሏ አስፋልቱ ላይ ቆሞ መኪና ለመነ። የቆመለት ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የጭነት መኪና ብቻ ነበር። ደግፈን ስናወጣቸው አባቴ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ያዙኝ።

"ጎማ ላይ ነው እንዴ? ወዴት ነው?"

"ወደ ጻድቁ ነው፣ አባባ። ጥቂት ነው የቀረን፤ ይፈቅዱልዎታል።"

ዋሽቻቸው አላውቅም ነበር። አመኑኝ። ባርኔጣቸውን አውልቀው መንገዱን ሁሉ የታደለን ስም እየጠሩ ጸለዩ። የእንጦጦን ቁልቁለት ስንጀምር ከተማው ከታች ታየ። አባቴ ጸሎታቸውን አቋረጡ። ለአፍታ አዩኝ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሆስፒታል ስናደርሳቸው ሐኪሙ አንድ ቀን ቢዘገዩ ኖሮ ኩላሊታቸው አይመለስም ነበር አለኝ። ዳኑ። ታደለ ግን አልመጣም፤ መርዶውም አልመጣም። የንስሐ አባታችን "አቅም ያጣ ሰው ስእለቱን እንደፈጸመ ይቆጠርለታል" ብለው አጽናኗቸው፤ አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተጽናኑም። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ብቻ አንድ ከሰዓት፣ የግቢያችንን ግድግዳ እየመረጉ ሳለ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "ሁለት ቀን ነበር እኮ የቀረኝ" አሉ።

ሴቶቹ እሑድ ዕለት ሲወጡ አንዷ በር ላይ ቆም ብላ፣ "ታዲያ ያኔ ደረሳችሁ?" አለችኝ። "አልደረስንም" አልኳት፤ ምክንያቱን አልነገርኳትም።

ዛሬ እኔ የእሳቸው ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ አሁንም መኪናው ላይ አወጣቸው ነበር፤ በዚህ አልጠራጠርም። ወዴት እንደምንሄድ ግን እነግራቸው ነበር። ይቆጡ ነበር፣ ያለቅሱ ነበር። እኔም አለቅስ ነበር፤ ለታደለ ሁለታችንም አንድ ላይ ያለቀስንበት አንድ ቀን ይኖረን ነበር።