ከጀውሃ ወዲያ የቆመው ሞተር

በቀደም ከሸዋ ሮቢት ገበያ ስመለስ አንዲት ወጣት የቆመባትን ሞተር ሳይክል እየገፋች ጥላ ሥር ስታስገባ አየሁ። ላቡ ከአገጯ ይንጠባጠባል። ሳልደርስላት አስነሥታው ሄደች። እኔ ግን ዘንቢሌን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ሐሳቤ ከጀውሃ ወዲያ ወዳለው ኮረኮንች መንገድ ተመልሷል።

ያኔ፣ በወጣትነቴ፣ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ ጀማሪ ነርስ ነበርኩ፤ ለቆላው ሙቀትም ለሞተሩም አዲስ። አንድ ቀበሌ ውስጥ ኩፍኝ ገብቶ ስለነበር፣ ወደ አጎራባቹ ቀበሌ ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭኜ ረፋድ ላይ ወጣሁ። ማሾ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። ልጆቻቸውን ይዘው የሚጠብቁኝ እናቶች ሥራ ትተው ስለመጡ ብዙ እንደማይቆዩ አውቃለሁ።

ደረቁን ወንዝ ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር ሞተሩ ድንገት ጸጥ አለ። ማስነሻውን ብጫን ዝም፤ መብራትም ክላክስም የለም። የእግር ማስነሻውን እግሬ እስኪዝል ረገጥኩት። የማውቀው ጥገና አንድ ብቻ ነበር፤ ነዳጁን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈትቼ ጠረግሁና መልሼ አሰርኩ። ምንም ለውጥ የለም። በረዶው ምን ያህል እንደቀረ ለማየት እንኳ ፈራሁ።

ከሽንኩርት ማሳቸው ሆነው ሲያዩኝ የቆዩ አዛውንት መጡ። ጋሼ ሰይድ ይባላሉ፤ የውኃ ፓምፓቸውን ራሳቸው ሲጠግኑ የኖሩ ገበሬ ናቸው። አስቀድመው ሣጥኑን ማንጎ ሥር አኑረው እርጥብ ጆንያ አለበሱልኝ።

«መብራቱም ክላክሱም አብሮ ከጠፋ ካንዴላው ምን አጠፋ፣ ልጄ? ኤሌክትሪኩ ከሚነሣበት ጀምሪ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ ይዩልኝ።»

«ዛሬ እኔ ባየው፣ ነገ ብቻሽን ስትሆኚ ማን ያይልሻል? በይ፣ ቢስሚላህ፤ ወንበሩን ፍቺው።»

ፈታሁት። ፊውዙን አውጥቼ በብርሃን አየሁ፤ ክሩ አልተበጠሰም። ወደ ባትሪው ስሻገር አንደኛው ገመድ ወልቆ ተጋድሟል። ብሎኑ በኮረኮንቹ ንዝረት ወድቋል፤ የገመዱም ጫፍ ነጭ ዝገት ለብሷል። ቢላዋቸውን ሰጡኝና ብረቱ እስኪያበራ ፋቅሁት። እሳቸው ከፓምፓቸው ክዳን አንድ ብሎን ፈትተው አመጡ።

«የእርስዎ ክዳንስ?»

«የቀሩት ሦስቱ ይይዙታል።»

አጥብቄ አሰርኩና ቁልፉን አዞርኩ። ትንሿ አረንጓዴ መብራት በራች፤ ማስነሻውን ስጫን ሞተሩ ተነሣ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ በቀስታ። እኔ እንባዬን እንዳያዩብኝ ዞር አልኩ።

ገሚሶቹን እናቶች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ሲያዩኝ ሣቁና ዞሩ። በረዶው አልቆ አልቀለጠም ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚሰገደው የአስር ሶላት እስኪደርስ ስከትብ ዋልኩ፤ የቀረ ልጅ አልነበረም።

ጋሼ ሰይድ ካለፉ ቆይተዋል። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ብዙ አድርጎልኛል፤ ሁሉንም አመሰግናለሁ። እሳቸውን የማስታውሳቸው ግን ጊዜው እየሮጠ፣ እሳቸው በአፍታ የሚጨርሱትን ሥራ ለእኔ ትተው በትዕግሥት ስለቆሙልኝ ነው። አሁን በእርጅናዬ ወጣት ሲቸገር ሳይ እጄ ይቸኩላል። እጄን ሰብስቤ እይዝና ራሱ እስኪሠራው አጠገቡ እቆማለሁ።