ብርሃነሽ አልፈርምም ያለች ዕለት

ብርሃነሽ ፈየራ ካርድ ክፍል የገባችው መጥረጊያ ይዛ ነው። ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ሰሞን፣ አሶሳ ውስጥ ግማሹ መሥሪያ ቤት በኪራይ ግቢ በነበረበት ጊዜ፣ ከቤጊ መጥታ አንድ ጤና ጣቢያ በፅዳት ሠራተኛነት ተቀጠረች። በዚያው ክረምት የካርድ ክፍሉ ጣሪያ አፈሰሰ። የካርድ ሠራተኛው ፈቃድ ላይ ነበር። ብርሃነሽ ማንም ሳያዛት የራሰውን ካርድ ሁሉ በረንዳ ላይ አሰጣችው፤ ሲደርቅም በስምና በአባት ስም ለይታ መደርደሪያው ላይ መለሰችው። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ነው ያቋረጠችው፣ ጽሕፈቷ ግን ያምራል። ዓመት ሳይሞላ ካርድ ክፍሉ የእሷ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት በዚያች መስኮት ተቀመጠች። ኦሮምኛ ከእናቷ፣ አማርኛ ከትምህርት ቤት፣ በርታኛ ደግሞ ከጎረቤቶቿ ተምራለች። በሽተኛው ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ እጇ መደርደሪያው ላይ ይደርሳል።

በ1999 ዓ.ም. ኮምፒውተር መጣ። አሥራ አንድ ሺህ ካርድ ለአራት ወር ወደ ኮምፒውተሩ ሲገለበጥ ከረመና ፕሮግራሙ አለቀ ተባለ። የሠራው ምስጋና የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ሥራውን ፈትሾ የሚረከብ ሦስት ሰው ተመረጠ፤ የጣቢያው ኃላፊ ሲስተር እስከዳር፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት የተላኩት አቶ ዲሳሳና ብርሃነሽ።

«እንግዲህ ሥራሽን ወሰደው» አለቻት አንዲት ነርስ።

«ሰዉን ካወቀልኝ ይውሰደው» አለች ብርሃነሽ። ከልቧ ነበር። ከመደርደሪያ ጋር ስትታገል ወገቧ አልቋል።

የፍተሻው ቀን ምስጋና አሥር ስም በወረቀት ይዞ መጣ። አንዱን ጻፈ፣ ካርዱ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። አሥሩም ሲወጡ አቶ ዲሳሳ አጨበጨቡና የርክክቡን ቅጽ አወጡ። ሁለቱ ፈርመው ወረቀቱ ብርሃነሽ ዘንድ ደረሰ።

«እነዚህን ስሞች የመረጥካቸው አንተ ነህ?» አለችው።

«አዎ፣ ለሙከራ።»

«እኔ ደግሞ የራሴን ልሞክር» ብላ ወጣች። አግዳሚው ላይ ተራ ከሚጠብቁት በሽተኞች ሃያውን አንድ በአንድ እያስገባች ስማቸውን በአፋቸው አስነገረች። ምስጋና እንደሰማው ይጽፋል።

ሰባቱ ጠፉ።

ከሰባቱ አንዱ አቶ ዓብዱልባሲጥ ናቸው፤ በስኳር በሽታ በየወሩ የሚመላለሱ ሽማግሌ። ምስጋና በአልፋው «አ» ጻፈ፣ የለም አለ። «ባሲጥ»ን «ባስጥ» አደረገው፣ አሁንም የለም።

«እኔ አለሁ» አሉ አፋቸውን በበርታኛ የፈቱት ሽማግሌ እየሳቁ። «ስም የኔ አልቀየረም። ያ ነው ቀየረ» ብለው ወደ ማሽኑ ጠቆሙ።

ብርሃነሽ ካርዳቸውን ከመደርደሪያው አውጥታ አሳየችው። በዓይኑ «ዓ» ነው የተጻፈው።

«ካርዱን የጻፉት ሰዎች ወጥ በሆነ ፊደል መጻፍ ነበረባቸው» አለ ምስጋና ፊቱ ቀላ ብሎ።

«ካርዱን የጻፈው እንደሰማው ጻፈ፣ አንተም እንደሰማኸው ጻፍክ። ሰውዬው ግን ያው አንድ ሰው ነው።»

ይሄ ሳያንስ ከገበያው ጫፍ ልብስ የሚሰፋው ኡመር ኢዘዲን ገባ። ስሙ ሲጻፍ ካርድ ወዲያው ወጣ፤ ምስጋናም ተነፈሰ። ብርሃነሽ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ አነበበች። ከዚያ ከመደርደሪያው ሌላ ካርድ ስባ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በራሷ እጅ፣ «ፔኒሲሊን እንዳይወጋ» ተብሎ ተጽፎበታል። በጣቢያው ሦስት ኡመር ኢዘዲን አሉ። ማሽኑ ያወጣው የሌላውን ነው።

«ይሄ ልጅ አምና እዚሁ ነው መርፌ ተወግቶ ጉሮሮው ሊዘጋ የደረሰው» አለች።

አቶ ዲሳሳ ሰዓታቸውን አዩ። «ወይዘሮ ብርሃነሽ፣ ሐሙስ ምረቃ ነው፤ ጥሪው ተበትኗል። ይፈረምና የቀረው ቀስ ብሎ ይስተካከላል።»

«ሐሙስ ይመረቅ፣ ጌታዬ። ዓርብ ኡመርን ቢያመውና ቢመጣስ? እኔ አልፈርምም።»

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ሲስተር እስከዳር ትንሽ ካሰበች በኋላ ቅጹን ወደ ራሷ ስባ ፊርማዋን ሰረዘችው። ምረቃው ተላለፈ።

ምስጋና ያን ዕለት ምሳ አልበላም። ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዞ በካርድ ክፍሉ በር ቆመ። «እትዬ ብርሃነሽ፣ እርስዎ እንዴት ነው የሚለዩዋቸው?»

ወንበር ሰጠችው። «በጆሮ ነው የምፈልገው። ፊደሉን አላየውም። ስሙ ከተመሳሰለ የእናቱን ስም እጠይቃለሁ፣ ቀጥሎ ሰፈሩን። ቀዩ ጽሑፍ ደግሞ ከሁሉም በፊት ይታያል።»

እሷ ስትናገር እሱ ሲጽፍ ሦስት ቀን አብረው ተቀመጡ። ከዚያ ፕሮግራሙን ፈታታው። «አ»ና «ዓ»፣ «ሰ»ና «ሠ»፣ «ጸ»ና «ፀ» እንደ አንድ ተቆጠሩ፤ የተቀራረበ ስም ሁሉ በዝርዝር እንዲወጣ፣ ከጎኑም የእናት ስምና ሰፈር እንዲታይ ተደረገ። ማስጠንቀቂያ ያለበት ካርድ ሲከፈት ቀዩ ይቀድማል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንደገና ተፈተሸ። ብርሃነሽ አልራራችም፤ ሆን ብላ አስቸጋሪ ስም ያላቸውን ስልሳ ሰዎች አስገባች። ሃምሳ ስምንቱ ተገኙ። ከቀሩት ሁለት የአንዷ ካርድ ከመጀመሪያውም ወደ ኮምፒውተሩ ሳይገለበጥ ታልፏል። ሌላው ሰውዬ ደግሞ ለካ ለዓመታት በወንድሙ ካርድ ሲታከም የኖረ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። ኡመር በተራው ሲገባ ሦስቱም ኡመሮች በዝርዝር ወጡ። የእናቱን ስም ጠየቀችው፣ እሱን መረጠች፣ ስክሪኑ ላይ ቀዩ ጽሑፍ ቀደመ። ቅጹ ላይ የጎደሉትን ሁለቱን በራሷ እጅ ጽፋ ፈረመች።

ሁለት ወር ቆይቶ ያው ፕሮግራም ካማሺ ያለ ጤና ጣቢያ ሊገባ ሆነና ፈታሽ ሆና የተላከችው እሷ ነበረች። ከምስጋና ጋር በኮረኮንች መንገድ ተንገጫግጨው ሲደርሱ ልብሷ በአቧራ ቀልቷል። ምስጋና ኮምፒውተሩን ከፍቶ ዋናውን ወንበር ለእሷ ሳበላት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። እዚህ የሚበዛው የጉሙዝ ስም ነው፣ ጆሮዋ አያውቀውም።

«እዚህ ካርድ የሚያወጣው ማነው?» አለች።

ዲማ የሚባል ዝምተኛ ሰው እጁን አነሳ። ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና እሷ ከጎኑ ቆመች።

«ሰዉን የምታውቀው አንተ ነህ። በል፣ የመጀመሪያውን ጥራ።»