ከጆሮ ጀርባ የመጣ የዓይን ቆብ

በቀበሌያችን ውስጥ የእኔን ያህል ንቁ ተሰብሳቢ አልነበረም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ሊቀመንበሩ ናቸው ያሉት፣ ያውም በድምፅ ማጉያ። እሑድ ጠዋት ነው እንግዲህ፤ ከየካ ሚካኤል የቅዳሴው ዜማ በመስኮት ይገባል፣ እኛ አዳራሽ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረናል። ስማችን ተጠርቷል፤ የቀረ ሰው የወሩን ስኳር ከኅብረት ሱቅ እንደማያገኝም ተነግሯል። ንግግሩ ሁለተኛ ሰዓቱን ሲይዝ አዳራሹ በሞላ አንገቱን ይሰብራል። የእኔ ቀኝ ዓይን ብቻ ፍጥጥ ብላ መድረኩን ታያለች። ሊቀመንበሩም ንግግራቸውን በሙሉ ለዚያች ዓይን ያደርጉ ነበር።

«እንደዚች ጓዲት ሁኑ!» ይላሉ። «ተመልከቷት! አንድም ቀን ስታንቀላፋ አይቻት አላውቅም!»

ተኝቼ ነበር። እንዲያውም ሕልም አይ ነበር። ግራ ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ ከልዬ ለጥ ነው፤ ቀኟ ግን ብትለምኗትም አትከደንም። የደርግን ዘመን ሦስት ዓመት በዚህ ዓይነት አሳለፍኩ፤ ግማሼ ተኝቶ ግማሼ እየተሞገሰ።

ነገሩ የመጣው ከነጭ ጋዝ ምድጃ ነው። ያንን በእጅ እየተነፋ የሚነደውን ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ምሳ ልሠራ ስነፋው ፈነዳና ቀኝ ጉንጬን ላጠው። ቁስሉ ሲድን ቆዳው እንደ ታጠበ የሱፍ ሹራብ ተሰበሰበ፤ የታችኛውን የዓይኔን ቆብም ወደ ታች ጎትቶ እዚያው አስቀረው። ጠባሳውን ለመድኩት። ሰው ሲያፈጥብኝ መልሼ አፈጥበት ነበር፤ በዚህ ደግሞ የሚያሸንፈኝ አልነበረም።

ያስቸገረኝ ነፋሱ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው የጥር ነፋስ አቧራውን ይዞ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲደርስ፣ ሁሉም ሰው በሩን ዘግቶ ክፍት የሚያገኘው የእኔን ዓይን ብቻ ነው። በሦስተኛው ዓመት ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ወጣ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አየችና «ይቺ ነጥብ ከሰፋች ዓይንሽ ይጠፋል» አለችኝ፣ የአውቶቡስ ቁጥር የምትነግረኝ ይመስል።

እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ንጹሕ ጨርቅ በውሃ እየነከረች ዓይኔ ላይ ታደርጋለች። ሲደርቅ ትነሳለች፣ ትነክራለች፣ ትመልሳለች። ሦስት ዓመት እንዲህ። ስለዚህ በስብሰባ ላይ ከሁሉ ቀድማ የምታንቀላፋው እናቴ ነበረች። የንቁዋ ጓዲት እናት እየተባለች ሁለት ጊዜ በአደባባይ ተወቅሳለች።

ያላደረግነው የለም። እንጦጦ ወጥተን ሰባት ቀን ጸበል ተጠመቅሁ። በሰባተኛው ቀን አጥማቂው አገጬን ቀና አድርገው አዩኝና «ልጄ፣ ይኼስ ሐኪምም ይፈልጋል» አሉኝ። የመንደራችን የውበት ሊቅ ግን በዚህ አልተስማማችም።

እሷን ላስተዋውቃችሁ። ጎረቤታችን ናት፤ በጓሮዋ የሰፈሩን ሴት ፀጉር በካውያ ትተኩሳለች። ካውያ ለማታውቁ ልጆች፣ ከሰል ላይ የሚግል የብረት ማበጠሪያ ነው። ቅባት በጠጣ ፀጉር ውስጥ ሲያልፍ ፀጉሩን ያለሰልሳል፤ በመንገዱ ያገኘውን ጆሮ ደግሞ ይጠብሳል። ከዚህ ሌላ ድድ ትነቅሳለች፣ ጆሮ ትበሳለች፣ ከጅቡቲ በኩል የሚገባ የፊት ቅባት ትሸጣለች።

«ሐኪም ምን ሊያደርግልሽ? የሰው ቆዳ ሸማ ነው የሚጣፈው?» አለችኝ። «ይኼን ቅባት ሁለት ወር ተቀቢ፤ ጠባሳው ይሸሻል።»

«ወዴት?»

«እሱን ተዪው አንቺ ልጅ። ብቻ ይሸሻል።»

ተቀባሁ። ጠባሳው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ደህናው ጉንጬ ነጣ።

በሚያዝያ ወር ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተላከ የቆዳ ጥገና ሐኪም አለ ተባለና ከእናቴ ጋር ሄድን። ረጅም፣ መላጣ፣ ሳቅ የማያውቅ ሰው ነው። ፊቴን በሁለት ጣቱ እየዳሰሰ ተናገረ፤ አስተርጓሚዋ ነርስ ወደ አማርኛ መለሰችው።

«ፊትሽን እንደ ድሮው አላደርግልሽም ነው የሚለው። የተሰበሰበውን ቆዳ ቆርጦ ያላቅቀዋል፤ በተከፈተው ቦታ ከጆሮሽ ጀርባ ትንሽ ቆዳ አንስቶ ይሰፋበታል። ከያዘ ዓይንሽ ይከደናል። ግን በግንቦት መጨረሻ አገሩ ይገባል።»

ልዋሽ አልፈልግም፤ ጉንጬንም ያደርግልኛል ብዬ ተመኝቼ ነበር። ጠየቅሁት። ራሱን ነቀነቀ። ነርሷ አልተረጎመችውም፤ አላስፈለገም።

ሕክምናው በነፃ እንዲሆን የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የቀበሌው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ደግሞ አስጠነቀቀኝ፣ «ለጤና ነው ብለው ይጻፉ። ለውበት ካሉ አንቀበልም።»

ሊቀመንበሩ ማመልከቻዬን አገላብጠው አዩት። ከአብዮቱ በፊት ሾላ ገበያ በረባሶ ይጠግኑ ነበር፤ እጃቸው ወርቅ ነበር ይባላል።

«ጓዲት፣ የፊት ኦፕሬሽን የከበርቴ ሚስቶች ሥራ ነው። ጭቁኑ ሕዝብ ፊቱን እንዳለ ነው ይዞ የሚታገለው።»

«ዓይኔ ሊጠፋ ነው እኮ ጓድ ሊቀመንበር። ሐኪሙ ከግንቦት አያልፍም።»

«እሱማ በጠቅላላ ጉባኤ ይታያል» አሉና ትክ ብለው አዩኝ። እኔ እንኳ የምጠረጥረው ሌላ ነው፤ ያለችኝ አንዲት ሰሚ ልትከደንብኝ ነው ብለው የፈሩ መሰለኝ።

በቀጣዩ እሑድ አጀንዳው ተነበበ። አንደኛ፣ የጥበቃ ተራ። ሁለተኛ፣ የስኳር ጉዳይ። ሦስተኛ፣ የእኔ ፊት። አንዱ ተነሳና ፊቴ የንዑስ ከበርቴ ፍላጎት ነው አለ። ሌላው ተነሳና የለም፣ ፊቷ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው አለ። አጨበጨቡለት። ፊትሽ የማን ነው ብሎ እኔን የጠየቀኝ የለም። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ውበት በመፈለጌ ግለ ሂስ እንዳደርግ አዘዙኝ። ተነሳሁ።

«ጓዶች፣ ዓይኔ ባለመከደኗ ራሴን እተቻለሁ። ወደፊት እንድትከደን ደብዳቤ ይጻፍልኝ።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መቱ። እናቴ እጄን ይዛ ነበር። ሊቀመንበሩ «እንግዲህ ለሌላ ስብሰባ...» ማለት ሲጀምሩ ባለካውያዋ ብድግ አለች።

«አንድ ሂስ ነበረኝ።»

«ማን ላይ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ በጓሮ በሬ እየገቡ ፀጉራቸውን የሚተኮሱት ባለቤትዎ፣ ከበርቴ ናቸው ወይስ ጭቁን? ልወቀው ብዬ ነው፤ ጭቁን ከሆኑ ለጭቁን የሚደረገውን የዋጋ አስተያየት እንዳደርግላቸው።»

ያን ቀን ያለ ድምፅ ማጉያ አዳራሹ ሁሉ ነቃ። ሊቀመንበሩ ላባቸውን ጠረጉና ጉባኤው ጊዜ እንዳነሰው፣ ሦስተኛው አጀንዳ በሙሉ ድምፅ እንዳለፈ አስታወቁ። ደብዳቤው ማኅተም አርፎበት በማግስቱ ወጣ። «የጓዲቷ ዓይን ለምርት ሥራ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ» ይላል። ግልባጩ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ።

ስንወጣ ባለካውያዋን አቀፍኳት። «አላምንበትም ብለሽ አልነበረም ወይ?»

«አሁንም አላምንበትም» አለች። «ግን ስለ ሴት ፊት የሚወስነው እሱ ከሆነ፣ እኔ ምን ልበላ ነው?»

የኦፕሬሽኑ ቀን ሐኪሙ በሐምራዊ ቀለም ዓይኔ ሥር መስመር አሰመረ። ቆዳ ሊመርጥ የቀኝ ጆሮዬን አጠፍ አደረገና ቀጥ ብሎ ቀረ። ትንንሽ ጠባሳ ተደርድሯል፣ አሮጌ፣ አዲስ፣ የዘንድሮ። ነርሷን አያት። ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አላት። እሷም በሩን ዘግታ መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ማን ነው ያቃጠለሽ? ይላል። አትፍሪ፣ ለማንም አልናገርም ይላል።»

በዚያ ዘመን ገላ ላይ የእሳት ምልክት ሲታይ ምን እንደሚታሰብ ለእናንተም አይጠፋችሁም። እኔ ግን ቶሎ አልገባኝም።

«ለፋሲካ ነው» አልኩ።

ነርሷ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ስትተረጉምለት ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ በእጇ የማበጠሪያ ቅርጽ እየሠራች፣ ፀጉሯን እየጎተተች፣ በመጨረሻም የራሷን ጆሮ አጥፋ እያሳየችው። እሷም አላት ለካ! ሐኪሙ ከመጣ ጀምሮ የስንቷን ሴት ጆሮ እያየ ለማን አቤት እንደሚል ሲጨነቅ ከርሟል። ያን ቀን ብቻ ሲስቅ አየሁት።

የግራው ጆሮ ጀርባ ግን ንጹሕ ነበር። ባለካውያዋ ሁልጊዜ የምትጀምረው በቀኝ ነው፤ ግራ ስትደርስ ብረቱ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ዓይኔ የተረፈችው በዘመናዊ ሕክምናና በቀዘቀዘ ካውያ ነው።

ቆዳው ተሰፋ። ላይኛውና ታችኛው ቆብ አንድ ላይ ተሰፍተው ሳምንታት ከረሙ። ክሩ ሲፈታ ሐኪሙ «ዝጊ» አስባለኝ። ዘጋሁ፤ ቀጭን ብርሃን ግን ይገባል። እብጠቱ ሲወርድ ወይ ይከደናል፣ ወይ አይከደንም አለና ለአንድ ወር ማታ ማታ በፋሻ ተሸፍና እንድታድር አዘዘ። በሳምንቱ አገሩ ገባ። ቢበላሽ የሚያስተካክለው የለም። ቀን ስዘጋት ያቺ ቀጭን ብርሃን አንዴ ትገባለች፣ አንዴ ትቀራለች። እናቴ ፋሻው ሥር ምን እንዳለ ማየት ስለማትችል ጠዋት ጠዋት በዓይኗ ብቻ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ተኝቼ የሆነውን ከየት አውቄ ልመልስላት?

የፋሻው ወር ባለቀ በመጀመሪያው እሑድ ስብሰባ ገባን። ከልማዴ የተነሳ ግራ ዓይኔን በነጠላ ልከልል ስል እጄ ከበደኝ። ሊቀመንበሩ ስለ አካባቢ ጽዳት ጀምረው ወደ ዓለም ሁኔታ ተሻግረው ነበር። የቀረውን የነገረችኝ ከጎኔ የተቀመጠችው ባለካውያዋ ናት።

ሊቀመንበሩ እንደ ወትሯቸው የእኔን ዓይን ፈለጉ። አጡ። ንግግራቸው ተደናቀፈ። «ጓዲት!» አሉ። እናቴ እሷን የጠሩ መስሏት ደንግጣ ባነነች፤ ዞር ብላ አየችኝ። ሁለቱም ዓይኖቼ ግጥም ብለው ተከድነዋል። ጎንበስ ብላ በቅርብ አየች። ከዚያ በቀበሌ አዳራሽ፣ በዓለም ሁኔታ መሐል፣ እልልታዋን አቀለጠችው።

የተኛው ሕዝብ ብንን አለ። ንግግሩ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። ሴቶቹ እልልታውን ተቀበሉ፣ ከኋላ አንዱ መፈክር አሰማ፣ ሊቀመንበሩም ምን ያድርጉ፣ ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሱ። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ «ውሳኔው በደማቅ እልልታ ጸድቋል» ብሎ ጻፈ።

ፊቴ እንዳለ ነው፤ ዓይኔ ሥር ያለችው ጥፍር የምታህል ልጣፊም ከሌላው ገላዬ ፈካ ትላለች። ነጯ ነጥብ አልሰፋችም። ያን ቀን ምን እንደተወሰነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ተኝቼ ነበር፤ በሁለቱም ዓይኔ።